ሳጥኑ ሲከፈት፦ የግል ኮምፒውተር አካላት ዳሰሳ

በቢሮዎቻችንና በኮምፒውተር ቤቶቻችን ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው የብረት ሳጥን መጠሪያው «ሲፒዩ» ነው። «ሲፒዩውን አጥፋው»፣ «ሲፒዩው ይጮኻል»፣ «ሲፒዩውን ይዛችሁ ኑ» ሲባል ሁሉም ይግባባል። እውነተኛው ሲፒዩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ግን በዚያ ሳጥን ውስጥ በማራገቢያ ተጋርዶ የተቀመጠ፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ስስ ቁራጭ ነው። የአንዱ አካል ስም ለመላው ሳጥን መዋሉ ለመግባባት አላስቸገረም፤ ለመረዳት ግን አስቸግሯል። ሳጥኑን እንደ አንድ ነገር ስለምናየው ሲታመምም በጅምላ የታመመ ይመስለናል። ሲዘገይ «አርጅቷል»፣ አልነሣ ሲል «ተቃጥሏል»፣ ቀኑን ሲያዛባ «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ» እንላለን። ሦስቱም በጥቂት ገንዘብ የሚቃና የአንድ አካል ችግር ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህ ዳሰሳ ሦስት ጥያቄዎች ይዞ ሳጥኑን ይከፍታል። በውስጡ ማን ምን ይሠራል? የኮምፒውተሩን ፍጥነትና ዕድሜ የሚወስነው የትኛው አካል ነው? ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ቅድሚያ መስጠት ያለበት ለየቱ ነው? መደምደሚያዬን ከወዲሁ ልናገር፦ ኮምፒውተርን ጥሩ የሚያደርገው የአካላቱ መመጣጠን ነው፤ መመጣጠናቸውን ለማወቅም መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አካላቱ ለምን ተነጣጠሉ?

በትምህርት ቤት የለመድነው አከፋፈል ሃርድዌርን በአራት ይመድበዋል፦ ማስገቢያ፣ ማቀናበሪያ፣ ማከማቻ፣ ማውጫ። የዚህ አከፋፈል ሥር ጆን ፎን ኖይማን በ1945 ኤድቫክ ስለተባለው ማሽን ያዘጋጀው ረቂቅ ነው። በረቂቁ ላይ ማሽኑ የሚያሰላ፣ የሚቆጣጠር፣ የሚያስታውስ፣ የሚያስገባና የሚያወጣ ክፍል ነበረው። ትልቁ ቁም ነገር ግን መመሪያውም መረጃውም በአንድ ማስታወሻ ውስጥ አብረው መቀመጣቸው ነው። ዛሬ አንዱ ኮምፒውተር ጠዋት የሂሳብ መዝገብ፣ ማታ የፊልም ማሳያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሽቦው እንዳለ ሆኖ በማስታወሻው ላይ የሚጫነው መመሪያ ይለወጣል።

ይህ ንድፍ ተፈትተው የሚገጠሙ አካላት ሆኖ በየቤቱ የገባው ግን በአንድ የንግድ ውሳኔ ነው። አይቢኤም 5150 የተባለውን የግል ኮምፒውተሩን ኦገስት 12 ቀን 1981 አወጣ። በፍሎሪዳ፣ ቦካ ራቶን ከተማ በዶን ኤስትሪጅ ይመራ የነበረው ቡድን ሥራውን በአንድ ዓመት ገደማ ለመጨረስ ሲል ሁሉን በራስ የመሥራትን የኩባንያውን ልማድ ትቶ ገበያ ላይ ያሉ ዕቃዎችን ሰበሰበ። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ስርዓተ ክወናውን ከማይክሮሶፍት ወሰደ። ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸውን ማስገቢያዎች አሠራርም ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት በይፋ አሳተመ። በአይቢኤም እጅ ብቻ የቀረው ማሽኑን የሚያስነሣው ባዮስ ነበር። እሱንም ኮምፓክ የተባለ ኩባንያ ከመነሻው በራሱ መንገድ ጽፎ በ1983 ተመሳሳይ ኮምፒውተር መሸጥ ጀመረ። ዛሬ በየጥገና ቤቱ የአንዱ ኮምፒውተር ራም ተነቅሎ ለሌላው የሚገባው፣ የቆመ ማሽን በሌላ ማሽን ዕቃ የሚነሣው በዚያ ውሳኔ ፍሬ ነው።

ፕሮሰሰር፦ ስሙ ከቁጥሩ ሲበልጥ

የፕሮሰሰር ሥራ ሲዘረዘር ተራ ነገር ነው። መመሪያ ከማስታወሻ ያመጣል፣ ይፈታዋል፣ ይፈጽመዋል፣ ውጤቱን ያኖርና ወደሚቀጥለው ያልፋል። መመሪያዎቹም «እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደምር»፣ «የትኛው እንደሚበልጥ አወዳድር»፣ «ይህን ከዚህ አንሥተህ እዚያ አኑር» የሚሉ ናቸው። ድንቁ ፍጥነቱ ነው። 3 ጊጋኸርትዝ ማለት በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ምት ማለት ነው፤ በአንዱ ምት ውስጥ ብርሃን ራሱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አይጓዝም። 

የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ማይክሮፕሮሰሰር የኢንቴል 4004 ነው። ቢዚኮም ለተባለ የጃፓን ኩባንያ የሂሳብ ማሽን ታስቦ ተሠርቶ በኖቬምበር 1971 ሲወጣ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። አፕል በ2020 ያወጣው ኤም 1 ደግሞ 16 ቢሊዮን ይዟል። በዚህ ረጅም ጉዞ መካከል አንድ መታጠፊያ አለ። እስከ 2004 ድረስ አምራቾች ፍጥነት ለመጨመር ምቱን ያበዙ ነበር። ኢንቴል 3.8 ጊጋኸርትዝ ላይ ሲደርስ ግን ሙቀቱ ከለከለው፤ ሊያወጣው ያቀደውን ባለ 4 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም 4 ሰረዘ። ከ2005 ጀምሮ መንገዱ ተለወጠና በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ኮሮችን ማሳደር ተለመደ። አንዱን ሠራተኛ ከማስሮጥ ሠራተኛ መጨመር ተመረጠ ማለት ነው።

በገበያችን የመጀመሪያው ጥያቄ «ኮር አይ ስንት ነው?» የሚል ነው። ከዚህ ጥያቄ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፦ «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ምሳሌ እንውሰድ። በ2016 የወጣው ኮር አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር አለው። በ2017 የወጣው ኮር አይ 5-8250ዩ አራት ኮር አለው። በስሙ የሚያንሰው አይ 5 ብዙ ሥራ በአንድነት ሲሠራ አይ 7ቱን ይበልጠዋል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር መጀመሪያ ጀነሬሽኑን ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ዩ ፊደል ደግሞ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ የተሠራ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር መሆኑን ያመለክታል። «አይ 7» የሚል ተለጣፊ ብቻ አይቶ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ለስም ከፈለ ማለት ነው።

ራም፦ ጉልቻ፣ ጓዳና ጎተራ

ከሁሉም አካላት የፕሮሰሰርን ጉልበት የሚያመክነው ወይም የሚያሳየው ማስታወሻው ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን የራም ዓይነት የፈለሰፈው የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1968 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ቢት በአንዲት ደቂቃ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያና በአንድ ትራንዚስተር ይያዛል። ማጠራቀሚያዋ ታፈስሳለች፤ ስለዚህ ራሙ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየታደሰ መኖር አለበት። መብራት ሲጠፋ በራም ላይ ያለው ጽሑፍ አብሮ የሚጠፋው ማደሻው ስለሚቋረጥ ነው።

የማስታወሻዎችን ደረጃ ለመረዳት ወጥ የሚሠራን ሰው እናስብ። ከጉልቻው አጠገብ ጨውና በርበሬ የያዙ ትናንሽ ሳህኖች አሉ፤ እነዚህ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ካሽ ናቸው። ቀጥሎ ጓዳው አለ፤ እሱ ራም ነው። እህሉ በብዛት የሚከማቸው ግን ራቅ ብሎ ባለው ጎተራ ነው፤ እሱም ዲስክ ነው። ርቀቱን በጊዜ እንለካው። ፕሮሰሰሩ ከቅርቡ ካሽ ለማግኘት የሚፈጅበት 1 ናኖሴኮንድ ገደማ ነው። ይህን 1 ሴኮንድ እናድርገውና ሌላውን በዚያው ልክ እንዘርጋው። ከራም ለማምጣት 1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ኤስኤስዲ ከተባለው፣ ከማይሽከረከረው ዲስክ ለማምጣት ከአንድ ቀን በላይ ያልፋል። ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ለማምጣት ግን 115 ቀን ያህል ያስጠብቃል። ሰኔ 1 ቀን ወደ ጎተራ የተላከ ሰው ክረምቱ ወጥቶ፣ ዘመን ተለውጦ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ይመለሳል። ጉልቻው አጠገብ የቆመው ባለሙያ የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ጥበቃው ያው ነው።

ራም ሲያንስ የሚሆነው ይኸው ነው። ስርዓተ ክወናው ጓዳው ሲሞላበት ለጊዜው ያልተፈለገውን እያወጣ ዲስክ ላይ ያኖራል፤ ሲፈለግ መልሶ ያመጣል። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ በብራውዘር ብዙ ገጽ ከፍቶ፣ ወርድና ኤክሴል ጨምሮ የሚሠራ ሰው ማውሱ የሚቆምበት፣ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ የሚበራው በዚህ ምልልስ የተነሣ ነው። ፎርማት ማድረግ ጓዳውን አያሰፋም።

ራም ለመጨመር የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 አይተካኩም፤ ቮልቴጃቸው ይለያያል፤ እንዳይሳሳቱም የመግቢያ ክፍታቸው በተለያየ ቦታ ተቆርጧል። ሁለተኛ፣ ባለ 32 ቢት ስርዓተ ክወና ሊቆጥረው የሚችለው የአድራሻ ብዛት 4,294,967,296 ነው፤ ይህም 4 ጊጋባይት ማለት ነው። በተለመደው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ 8 ጊጋባይት ቢገጠም ትርፉ አይታይም፤ መጀመሪያ ወደ 64 ቢት መሻገር ያስፈልጋል።

ማከማቻ፦ የሚዞረውና የማይዞረው

የሃርድ ዲስክ አባት በ1956 በአይቢኤም የወጣው ራማክ ነው። ስፋታቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ሆሄያት ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ያን ማከማቻ ልትሞላው ትችላለች። መሠረታዊ አሠራሩ ግን እስከ ዛሬ ያው ነው፤ ማግኔት የተቀባ ሳህን በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል፣ አንባቢው ክንድ ሳህኑን ሳይነካ በላዩ ይንሳፈፋል። ክንዱ ቦታውን እስኪያገኝና ሳህኑ ዞሮ እስኪደርስ ያለው ጥበቃ ነው መስቀልን ያሳለፈን።

የማይዞረው ማከማቻ ከጃፓን መጣ። የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ የፍላሽ ማስታወሻን በ1980ዎቹ አስተዋወቀ፤ በ1987 የቀረበው ናንድ የተባለው ዓይነት ዛሬ በኪሳችን ላለው ፍላሽም ለኤስኤስዲም መሠረት ሆኗል። ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ያህል ሲያነብብ በሳታ ገመድ የሚገናኝ ኤስኤስዲ 550 ገደማ ይደርሳል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት ከ3,000 በላይ ያልፋል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ከጥቅሙ ግማሹን ነው። ኮምፒውተር ሲነሣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይለቅማል፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ክንድ የሌለው ኤስኤስዲ ብልጫው በመቶ እጥፍ የሚቆጠር ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ሲተካ ባለቤቱ አዲስ የገዛ እስኪመስለው የሚለወጠው በዚህ ነው።

ኤስኤስዲም ጉድለት አለው። ሴሎቹ የሚጻፍባቸው ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ለዓመታት ኤሌክትሪክ ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያለ ይናገራል፤ ኤስኤስዲ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ የቤተሰብ ፎቶግራፍም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ። 

ብዙ ሰው የሚጠይቀውን አንድ ነገር ላክል። 1 ቴራባይት ተብሎ የተገዛ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ብቻ ሲያሳይ ተጭበረበርኩ የሚል አለ። አልተጭበረበረም፤ አምራቹ በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024። ማጭበርበሩ ያለው በሌላ በኩል ነው። ዋጋቸው ከገበያው እጅግ ወርዶ የሚሸጡ አንዳንድ ፍላሾች የሌላቸውን መጠን እንዲናገሩ ተደርገው ይሠራሉ፤ ሲሞሉ የቀደመውን ፋይል ያጠፋሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ የገዛ ሰው ሙሉ መጠኑን በፋይል ሞልቶ፣ መልሶ በመክፈት ይፈትነው።

ማዘርቦርድና ሳንቲም የምታህለው ባትሪ

ማዘርቦርድ እንደ ከተማ መንገድ ነው፤ ራሱ አያመርትም፣ የሚያመርቱትን ያገናኛል። የትኛው ፕሮሰሰር እንደሚገባ፣ ስንት ራም እንደሚጫን፣ ኤንቪኤምኢ መግጠም ይቻል እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት የማዘርቦርዱን ሞዴል ማወቅ ይቀድማል።

በላዩ ላይ ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ በብዙዎቹ ላይ መለያዋ ሲአር 2032 ይባላል። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ሲነቀል ሰዓቱ እንዳይቆም ማድረግ ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ስትደክም ቀኑ በየጠዋቱ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ የሚከተለው ነው ሰውን የሚያሳስተው፤ የድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው ብራውዘሩ ባንኩንም ኢሜይሉንም «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋል። ባለቤቱ ኢንተርኔቱን ይወቅሳል፣ ወይም ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ያስደርጋል። መፍትሔው የኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ተነቅሎ ባትሪዋን መቀየር ነው።

ኤሌክትሪክ፦ የተረሳው አካል

የአራቱ ክፍሎች ትምህርት ኤሌክትሪክን አያነሣም። በእኛ አገር ግን ከብዙዎቹ ብልሽቶች በስተጀርባ ያለው እሱ ነው። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይለውጣል። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ብቻውን ላይሄድ ይችላል፤ ማዘርቦርዱንና ዲስኩንም ይዞ ይሄዳል።

አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች በጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ማብሪያ መሰል መምረጫ አላቸው። አሜሪካ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ስለሆነ ከዚያ የመጣ ዴስክቶፕ መምረጫው 115 ላይ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። እዚህ ሳይታይ ከተሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። ወንድም ወይም እኅት ከውጭ የላከውን ኮምፒውተር ከመሰካት በፊት ጀርባውን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ 100–240 የሚል ከተጻፈ ግን ስጋት የለም፤ የሚያስፈልገው የሶኬቱን ቅርጽ ማስተካከያ ብቻ ነው።

ስታብላይዘርና ዩፒኤስም ይምታታሉ። ስታብላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ በውስጡ ባትሪ ስላለው ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። መብራት በድንገት ሲሄድ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ሊበላሽ፣ ዊንዶውስም ከዚያ በኋላ አልነሣ ሊል ይችላል። 

ሳጥኑን ሲነኩት የሚነዝር ከሆነም ምክንያት አለው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ ብረት ይሰድዳል፤ እሱም በሦስተኛው ሽቦ ወደ መሬት መውረድ ነበረበት። ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው የሚወርደው በሚነካው ሰው በኩል ነው። እንዲህ ያለ ንዝረት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይነገር፤ ሌላ የከፋ መፍሰስ ቢፈጠር የሚያድነው ያ የጎደለ ሽቦ ነውና።

ሙቀት፣ አቧራና ከፍታ

ፕሮሰሰር የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በላዩ ያለው ብረት በስስ ቅባት አማካይነት ሙቀቱን ይስባል፣ ማራገቢያው በአየር ያስወጣዋል። ሙቀቱ ሲያይል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበረደለትም ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። «ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል» የሚባል ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አቧራውን መጥረግና የደረቀውን ቅባት መቀየር ነው።

በደጋ ለምንኖር ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለን። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቀዝቃዛ ቢሆንም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የሃርድ ዲስኩ አንባቢም የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አምራቾች ለብዙዎቹ ዲስኮች የሚያስቀምጡት ወሰን 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን እንኳ ከዚያ በታች ስለሆነች አያሰጋም፤ አልጋና ብርድ ልብስ ላይ ላፕቶፕ አስቀምጦ የአየር መግቢያውን መድፈን ግን ለደጋ ሰው ይበልጥ ያሰጋል።

ስክሪን፣ ኪቦርድና ፊደላችን

የማስገቢያና የማውጫ ዕቃዎች ብዙ ማብራሪያ አይሹም፤ ከፊደላችን ጋር የተያያዘው ታሪካቸው ግን ሊታለፍ አይገባም። የመጀመሪያዎቹ የአይቢኤም ስክሪን ካርዶች ጽሑፍ የሚያሳዩት በማይለወጥ ማስታወሻ ላይ በፋብሪካ ከተቀረጹ 256 ምልክቶች እየመረጡ ነበር። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ፣ የላቲኑም ፊደል ቦታውን ሲይዝ 256ቱ አይበቁም ነበር። ስለዚህ አማርኛን በኮምፒውተር መጻፍ መጀመሪያ ላይ የሃርድዌር ጥያቄ ጭምር ነበር። ፊደልን እንደ ሥዕል በነጥብ የሚስሉ ካርዶች ሲስፋፉ ያ በር ተከፈተ፤ ግዕዝ በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ ሲያገኝ ደግሞ ጥያቄው ከሃርድዌር ፈጽሞ ወጣ።

ኪቦርዱም ቢሆን ፊደል አያውቅም። ቁልፍ ሲጫኑት የሚልከው የቁልፉን ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር «ሀ» ይሁን «ኤች» የሚወስነው ሶፍትዌሩ ነው። አማርኛ ለመጻፍ ልዩ ኪቦርድ መግዛት አያስፈልግም ማለት ነው።

ሥዕሉን የሚያዘጋጀው ጂፒዩም ሁለት ዓይነት ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ከራም ላይ ቦታ ይበደራል፤ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር 7 ከምናምን ብቻ ነጻ ነው የሚለው አንድም በዚህ ነው። ለብቻው የሚገጠመው የራሱ ማስታወሻ አለው፤ ለቪዲዮ ቅንብር፣ ለሕንፃ ንድፍ፣ ለጨዋታና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ያስፈልጋል። ለደብዳቤና ለሂሳብ ሥራ በእሱ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ከንቱ ነው።

ምልክቱን ማንበብ

እስካሁን ያየነው ሲጠቃለል በሽታውን ከምልክቱ ለመለየት ያስችላል። ቁልፉ ሲጫን ድምፅም መብራትም ከሌለ መጠርጠር ያለበት ኤሌክትሪኩ ነው፤ ከሶኬቱ ተነሥቶ እስከ ፓወር ሰፕላዩ። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ከጠቆረ ወይም ሳጥኑ ከጮኸ ራሙን ነቅሎ፣ የወርቅ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ አሽቶ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፕሮግራም ሲበዛ ብቻ የሚዘገይ ራም አንሶታል። ምንም ሳይከፈት ከጅምሩ የሚዘገይ ሃርድ ዲስኩ ይዞታል። ሲሠራ ቆይቶ በድንገት የሚጠፋ ሞቆታል። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ካለ ከጥገና በፊት ፋይል መገልበጥ ይቀድማል። በዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዙ ማየትም ይቻላል፤ አንዱ መቶ በመቶ ተይዞ ሌሎቹ ሥራ ፈት ከሆኑ ማነቆው እሱ ነው።

የሚፈታውና የማይፈታው

የ1981ዱ ሳጥን የሰጠን ነጻነት ግን እየጠበበ ነው። በብዙ አዳዲስ ስስ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ይመጣል። አፕል በኤም 1 ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ማቀፊያ አሳድሮታል። ጓዳው ወደ ጉልቻው ሲቀርብ ፍጥነት ይገኛል፣ ኤሌክትሪክ ይቆጠባል፣ ዕቃው ይሳሳል። ዋጋው ደግሞ በግዢው ዕለት የተመረጠው መጠን እስከ መጨረሻው አለመለወጡ ነው። በሌላ በኩል ፍሬምወርክ የተባለው ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ አብዛኞቹ አካላቱ በባለቤቱ እጅ የሚፈቱ ላፕቶፕ ይሸጣል፤ ፈረንሳይም በዚያው ዓመት ላፕቶፕ ሻጮች የዕቃውን ለጥገና መመቸት በነጥብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ በሥራ ላይ አውላለች። ሶፍትዌሩም ጫና ያሳድራል። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ሲያበቃ፣ ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ፣ አካላቸው ጤነኛ የሆነ ብዙ ኮምፒውተሮች ከተርታው ወጥተዋል። ለእነሱ ሊኑክስ የተባለው ሌላ ስርዓተ ክወና ገና ብዙ ዕድሜ ይሰጣቸዋል።

ያገለገለ ዕቃ አድሶ ለሚጠቀም አገር ተፈትቶ የሚገጠም ኮምፒውተር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከዕቃው ዋጋ ባሻገር ልጆች ከፍተው፣ ነክተው፣ ገጥመው የሚማሩበት እሱ ነውና።

እንግዲህ ገንዘቡ ውስን ለሆነ አንባቢ ፍርዴ ይህ ነው። ኮምፒውተርህ አሁንም ሃርድ ዲስክ የሚጠቀም ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ አስገባለት። ቀጥሎ ራሙን ቢያንስ 8 ጊጋባይት አድርስ። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ጠብቅ። አዲስ ፕሮሰሰር ፍለጋ ሌላ ኮምፒውተር መግዛት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። በሚቀጥለው ጊዜ ኮምፒውተርህን ወደ ጥገና ስትወስድም «ሲፒዩው ተበላሽቷል» ከማለትህ በፊት ምልክቱን ተናገር፣ የተቀየረውን ዕቃ ስም ጠይቅ፣ አሮጌውንም በእጅህ ተቀበል።